ከካንዲንስኪ ጎን ማንን ልስቀል?

ደብረ ብርሃን ላይ ለወጣቶች ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል እንዳወራ ተጠየቅኩ። ኩቢዝም፣ ሱሪያሊዝም እያሉ የሥዕል ስልቶችን መደርደር ይቻላል፤ ግን ሰሚው ያንቀላፋል። በዚያ ላይ ከ«ኢዝሞቹ» ውስጥ ቦታ ያላገኘ ሰዓሊ ሁሉ ተረስቶ ይቀራል። ስለዚህ የሰዓሊዎችን ሥራ በወረቀት አሳትሜ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ሰቀልኳቸው፤ አንዱ ስመ ጥር፣ ሌላው የተዘለለ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያው ሩሲያዊው ካንዲንስኪ ነበር፤ ብዙዎች የአብስትራክት (የሚታወቅ ነገር መልክ የማያሳይ ሥዕል) አባት የሚሉት። ከጎኑ ስዊድናዊቷ ሂልማ አፍ ክሊንት። እሷ በ1906 ጀምራለች፤ ቀድማዋለች ማለት ነው። ግን ሥራዎቿ ከሞተች 20 ዓመት እስኪሞላ እንዳይታዩ አደራ ብላ በ1944 አረፈች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ የታዩት በ1986 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተማርኩ። ወረቀት ላይ የታተመ ሥዕል ልኩን ይደብቃል። የ1907 ትልልቅ ሥዕሎቿ ቁመታቸው 3.20፣ ወርዳቸው 2.40 ሜትር ገደማ ነው። ይህን በጠመኔ ወለሉ ላይ አሰመርኩ። ልጆቹ ገብተው ቆሙበት፤ ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ቀለም በማንጠባጠብ የታወቀውን አሜሪካዊ ሰዓሊ ፖሎክን ከጃኔት ሶቤል ጋር አጣመርኩ። ዩክሬን ተወልዳ ኒውዮርክ የኖረች፣ የሥዕል ትምህርት ቤት ሳትገባ መሣል የጀመረች አያት ናት። ቀለም እያንጠባጠበች ስትስል ፖሎክ ሥራዋን አይቷል። ዝናው ግን የሱ ሆነ። ልጆቹን በጣም ያናደዳቸው ይሄ ነው፤ እኔንም ያናድደኛል።

ሞቅ ያለው ክርክር ግን የቤታችን ጥንድ ላይ ነበር። እዚህ አካባቢ ሥዕል ከተባለ የአንኮበሩ ልጅ አፈወርቅ ተክሌ ነው፤ አፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ማን ይረሳል? ከሱ ጎን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሰቀልኩ። ሁለቱም የ1932 ልጆች ናቸው። ገብረ ክርስቶስ ኮሎኝ ተምሮ መጣ፣ አብስትራክት ሣለ፣ በ1981 አሜሪካ በስደት አረፈ። በግጥሙ እንጂ በሥዕሉ የሚያውቀው ጥቂት ነው። «ይሄማ ሥዕል ነው እንዴ?» ያለ ልጅ ነበር። ዝም አልኩ፤ ጓደኞቹ መለሱለት።

ህትመት ውድ ነው። ገንዘብ ካጠረ ሌላውን በጥቁርና ነጭ አትሙ፤ ገብረ ክርስቶስን ግን በቀለም። ዋናውን ማየት የፈለገ ደግሞ ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ ሙዚየም አለ። ከደብረ ብርሃን በጠዋት ከወጣችሁ ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ።