ቀጠሮው በ3 ሰዓት ነበር

ቶርን በብሮውዘር የሚጫወቱት የወንጀለኞች ከተማ ጌም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አለ። አብዛኛው ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ አይበላም፤ እኔንም የያዘኝ ይሄው ነው። ብቻዬን ሲሰለቸኝ የሐበሻ ፋክሽን፣ ማለትም የተጫዋቾች ቡድን፣ አቋቋምኩ። 14 ሆንን፦ 9 አዲስ አበባ፣ የቀሩት ዱባይና ቨርጂኒያ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ውጊያ ያቀራርበናል ብዬ ነበር። ቼይን የሚባል ነገር አለ፦ የቡድኑ አባላት ሌሎች ተጫዋቾችን በተከታታይ የሚመቱበት። አንዱ ከመታ በኋላ በ5 ደቂቃ ውስጥ ሌላው ካልመታ ይበጠሳል። አንድ ምት 25 ኢነርጂ ይፈጃል፤ የእኛ ሙሉው 100 ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን 4 ምት አለን። 50ኛው ምት ላይ ደህና ጉርሻ አለ።

«እሁድ በ3 ሰዓት» ብዬ ለጠፍኩ። አዲስ አበቤው ማታ 3 ሰዓት ከች አለ። ዱባይ ያለችው ልጅ የጌሙን ሰዓት (ከአዲስ አበባ 3 ሰዓት ወደኋላ የሚቀረውን) መስሏት ጠዋት ገብታ፣ ማንም ሲጠፋ ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ቼይኑ 36 ላይ ቆመ። የቆጣሪው ሰከንድ ሲያልቅ 9 ሰው ዝም ብሎ ያያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ከቨርጂኒያ ጋሼ ገቡ፤ እዚያ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 3 ሰዓት መሆኑ ነው። ኢነርጂያቸው ሙሉ። «ልጆቼ፣ የት አላችሁ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ የምንጽፈው በጌሙ ሰዓት ብቻ ነው፦ 18:00።

የሚገርመው፣ ያ ሌሊት ከሁሉም ቀን በላይ አወራን። ስለ ቼይኑ ሳይሆን ስለ ጋሼ የታክሲ ሥራ፣ ስለ ዱባይ ሙቀት። በሚቀጥለው እሁድ የእሁድ ቡና ጀመርን። ስለ ውጊያ ማውራት ክልክል ነው፤ የቡናውን ፎቶ መለጠፍ ግዴታ ነው። አዲስ የገባ ሰው ደግሞ አንድ ነባር ይመደብለታል። ጌሙ ውስጥ ተመትቶ ሆስፒታል ከገባ «ማን መታህ?» ብሎ የሚጠይቀው አያጣም። ከዚያ በፊት አዲሶቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ነበር የሚጠፉት።

እቁቡ ግን አስተምሮናል። በየሳምንቱ አንድ አንድ ሚሊዮን የጌም ብር እየጣልን ዕጣ እናወጣ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለአንድ አዲስ ልጅ ደረሰውና... በዚያው ቀረ። የዋህነቴ ነው፤ እናቶቻችን ያለ ዋስ እቁብ ሲሰጡ አይቼ አላውቅም። አሁን አዲስ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣለት፤ ቀድሞ ከፈለገ ዋስ ይጠራል። ሰው የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ይልቅስ የልጁን ስም እየጠራ ይስቃል።

ጋሼ ግን ሰዓታችንን እስካሁን አያምኑም። ቀጠሮ ካለ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይገቡና «ቡናው አልደረሰም እንዴ?» ይላሉ።