ቁጥሩን በዓይንህ አይተሃል?

አያቴ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ አሰብ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚራገፈውን ጭነት እየቆጠሩ ሲረከቡ የኖሩ ሰው በመሆናቸው፣ አራት መስመር አስምረው አምስተኛውን በአግድም የሚሰርዙባት የአቆጣጠር ስልት ከእጃቸው አልወጣችም ነበር፤ ከገበያ የመጣ ዶሮና እንቁላል ሳይቀር በጋዜጣ ጠርዝ ላይ እየሰረዙ ይረከቡ ነበር። ከቆጠራ ቀጥሎ የሚወዱት ታሪክ ነው፣ በተለይም የቀይ ባሕርን።

እኔ በትራንዚተርነት፣ ማለትም የጭነት የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኜ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ መሥራት በጀመርኩ በሦስተኛው ወር ከጅቡቲ የመጣ አንድ ኮንቴይነር ተረከብኩ። ሲሉ፣ ማለትም የኮንቴይነሩ በር የሚታሸግበት ባለቁጥር ማሸጊያ፣ አልተቆረጠም፤ እኔም «ሲሉ እንደታሸገ» ብዬ ፈረምኩ። ሲከፈት አሥራ አራት ካርቶን የመኪና መለዋወጫ ጎደለ፤ በሩ ላይ ያለው የሲል ቁጥርም ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ ከሰፈረው ጋር እንደማይገጥም የታወቀው ያን ጊዜ ነው። የአጓጓዡ ኃላፊነት በእኔ ፊርማ አብቅቶ ስለነበር ዕዳው ከደመወዜ በየወሩ ይቆረጥ ጀመር። «ሹፌሩ ሲነዳ ያደረ ሰው ነው፣ ቶሎ ፈርምለት» ያለኝ አለቃዬ ይህን ማለቱን በስብሰባው ላይ ጨርሶ ሊያስታውሰው አልቻለም፤ የእኔን ጥፋት በቀንና በሰዓት ለመዘርዘር ግን የማስታወስ ችሎታው አላነሰውም።

እንዲያጽናኑኝ ብዬ አያቴ ዘንድ ሄድኩ።

«ሲሉ ደኅና ነበር?» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ አልተቆረጠም ነበር።»

«መቆረጡን አልጠየቅኩህም። ቁጥሩን በዓይንህ አይተሃል?»

ዝም አልኩ። እርሳቸውም መቶ ጊዜ የሰማሁትን ጀመሩልኝ። ሳፔቶ የተባለው ኢጣሊያዊ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ የአሰብን መሬት ከአካባቢው ሱልጣኖች የተዋዋለው የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በዚያው ቀን ነው አሉ። «ገዢው መርከብ በየት በኩል እንደሚመጣ ያውቃል፣ ሻጮቹ የሚያውቁት የግመል መንገድ ነው፤ የፈረሙት ግን አንድ ወረቀት ላይ ነው። በ13 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1882፣ የኩባንያው ይዞታ የኢጣሊያ መንግሥት ሆነና አረፈው!» የእኔን አሥራ አራት ካርቶን ከአሰብ መሸጥ ጋር ማነጻጸራቸው ያን ቀን እጅግ አናዶኝ ነበር፣ አሁንም ቢሆን ትንሽ ያናድደኛል።

ከዓመታት በኋላ አንድ መጽሐፍ ሳገላብጥ ውሉ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 1869፣ ቦዩ የተከፈተው ደግሞ ኖቬምበር 17 መሆኑን አየሁ። ሲቆጥሩ የኖሩት ሰው በሁለት ቀን ተሳስተዋል! ደስታዬን ልደብቀው አልቻልኩምና በማግስቱ ሄጄ በአክብሮት፣ ነገር ግን ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ቀስ ብለው ወለወሉና መልሰው አደረጉት።

«የት አየኸው?»

«መጽሐፍ ላይ።»

«ውሉን ራሱን አይተኸዋል?»

«አላየሁም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ዛሬም ሳታይ ነው የፈረምከው» አሉና ቡና እንዲቀዳልኝ አዘዙ።

እርሳቸውም ቢሆኑ ውሉን በዓይናቸው እንዳላዩት ትዝ ያለኝ ሞጆ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ለፋሲካ ሁላችን በተሰበሰብንበት ያንኑ ታሪክ ለልጆቼ ሲተርኩ ከጓዳ ሆኜ አዳመጥኳቸው። ውሉ የተፈረመው ቦዩ ሊከፈት በዋዜማው ነው አሏቸው። ከሁለቱ ቀን አንዷን ለቀውልኛል።