ስኳሩ ቀይ ሻይ ሲመስል

ለፋሲካ ክሬም ካራሜል፣ ማለትም ከእንቁላል፣ ከወተትና ከቀላ ስኳር የሚሠራ ጣፋጭ፣ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። እንቁላሉና ወተቱ አላስቸገሩኝም። ያስቸገረኝ ስኳሩን ማቅላት ነው።

መጀመሪያ ስኳሩን ብቻውን ጥቁር መጥበሻ ላይ አደረግኩት። ጥቁር ዕቃ ላይ ቀለም አይለይም። ገና ነው ስል አርሯል፤ ያወቅኩት ጢሱ ዓይኔን ሲቆጠቁጠኝ ነው። ቀመስኩት፣ ምርር ያለ ነው። ያረረ ስኳር መመለሻ የለውም፤ ደፋሁት።

በሁለተኛው ውሃ ጨመርኩበት። ግን እጄ አላርፍ አለ፣ ማማሰሉን ቀጠልኩ። ደህና ሲፈላ የነበረው ድንገት ነጣና ጓጎለ፣ ድስቱ ውስጥ አሸዋ ሆኖ ቀረ። ለካ ድስቱ ዳር ላይ የደረቀች ትንሽ የስኳር ፍሬ ተመልሳ ከገባች ሌላውንም ወደ ፍሬነት ትመልሰዋለች። ማማሰል ደግሞ ያባብሰዋል።

አሁን ለአንድ ብርጭቆ ስኳር ሩብ ብርጭቆ ውሃና ጥቂት ጠብታ ሎሚ አደርጋለሁ። ሎሚው ለጣዕም አይደለም። ኮምጣጣነቱ ከስኳሩ የተወሰነውን ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ቀለል ያሉ ስኳሮች ይከፍለዋል፤ እነሱ ካሉበት መልሶ መጓጎል ይከብደዋል። ድስቱ ሥሩ ወፍራም፣ ውስጡ ነጣ ያለ ይሁን። ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ ይማሰላል። ከፈላ በኋላ ማንኪያውን አስቀምጡና ድስቱን በእጀታው ይዛችሁ ወዘወዝ አድርጉት።

ለብዙ ደቂቃ ምንም ለውጥ አይታይም፤ ውሃው እየተነነ ነው። እሳት መጨመር ያምራችኋል፣ አትጨምሩ። ቀስ በቀስ አረፋው ወፈር ይላል። ከዚያ በአንድ ጎን ቢጫ ቀለም ብቅ ይላል። ሙቀቱ ከ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፏል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ስልክ ቢጠራ እንኳ አላነሳም። ቢጫው ማር፣ ማሩ ቀይ ሻይ ለመምሰል ጊዜ አይፈጅበትም።

እናቴ ቡና ስትቆላ የምትፈልገው ቀለም ላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ታወርደዋለች። የቀረውን የጋለው ምጣድ ይጨርሰዋል። የስኳሩም ነገር ያው ነው። ቀይ ሻይ ሊመስል ሲል አውርጄ ወዲያው ክሬሙ የሚጋገርበት ዕቃ ውስጥ እገለብጠዋለሁ፤ ሳይደርቅ ቶሎ ዘንበል ዘንበል እያደረግኩ ታቹን አዳርሰዋለሁ።

አንዴ ጠብታ ጣቴ ላይ አርፋብኝ ነበር። የፈላ ውሃ ፈስሶ ይሄዳል። የቀለጠ ስኳር ግን ቆዳ ላይ ተጣብቆ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ አጠገቤ ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን አይጠፋም፣ ልጆችም ኩሽና አይገቡም። ድስቱን ደግሞ አትፈግፍጉት፤ ውሃ ሞልታችሁ አፍሉት፣ ራሱ ይለቃል።

ክሬም ካራሜሉ ፍሪጅ ውስጥ አደረ። እንደ ጠርሙስ ደርቆ የነበረው ስኳር ሌሊቱን ከክሬሙ እርጥበት ስቦ ሟሟ። ጠዋት ሳህን ላይ ስገለብጠው በዙሪያው ፈሰሰ። እናቴ በማንኪያ ቀመሰችና ዝም አለች። ከዚያ «ትንሽ መረር ይላል፤ እንዲህ ሲሆን ነው ደስ የሚለው» ብላ ደገመች።