ከስክሪፕቱ የወጣው የሜንቲዝ ታሪክ

በራዲዮ የታሪክ ዝግጅታችን ለስኮትላንድ ነፃነት ከእንግሊዝ ጋር ስለ ተዋጋው ዊልያም ዋላስ የሚተረከውን ክፍል ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ስክሪፕቱ ከዋና አዘጋጃችን ሲመለስልኝ፣ ስለ ስኮትላንዳዊው ባላባት ስለ ሰር ጆን ሜንቲዝ ከጻፍኩት ውስጥ የቀረው ዋላስን ለእንግሊዞች አሳልፎ መስጠቱ ብቻ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1304 እና በ1320 የሆነውን የሚያስረዱት አንቀጾች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘው ነበር።

“ጋሼ፣ እነዚህ ለምን ወጡ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“አድማጩ ግራ ይጋባል። ከሃዲ ከሃዲ ነው፤ ጉርሻውን መቀበሉን ራስሽ ጽፈሽ የለም እንዴ?”

አዎን፣ ጽፌዋለሁ። ዋላስ በኦገስት 1305 ግላስጎው አጠገብ ሮብሮይስተን ላይ ሲያዝ፣ ሜንቲዝ የደምባርተንን ግንብ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቀዳማዊ ኤድዋርድ ይጠብቅ ነበር፤ ለውለታውም የ100 ፓውንድ መሬት፣ ዋላስን ሰልሎ ለጠቆመው አሽከር ደግሞ 40 ማርክ ተመድቧል። ዋላስ በዚያው ወር በ23ኛው ቀን ለንደን ውስጥ በስሚዝፊልድ አደባባይ በአሰቃቂ ሁኔታ ተገደለ። ይህን ለማቅለል አንድም ቃል አልጻፍኩም።

ነገር ግን በ1304 አብዛኞቹ የስኮትላንድ መኳንንት ለኤድዋርድ ገብተው ነበር፤ ንጉሡም ዋላስን ይዞ ለሚያስረክብ የተሻለ ምሕረት እንደሚያደርግ በማስታወቅ አደኑን በገዛ ወገኖቹ ላይ ጣለው። ኋላ የነገሠው ሮበርት ብሩስ ሳይቀር በዚያን ጊዜ ከኤድዋርድ ጋር ነበር። ሜንቲዝም ከዓመታት በኋላ ወደ ብሩስ ዞሮ፣ በ1320 የስኮትላንድ መኳንንት የአገራቸውን ነፃነት ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ለዮሐንስ 22ኛ ባስታወቁበት በአርብሮዝ ደብዳቤ ላይ ስሙ ሰፍሯል።

“ታዲያ ብሩስንም ከሃዲ እንበለው?” አልኳቸው።

“ብሩስማ ንጉሥ ሆነ” አሉኝና ወረቀቱን ፈርመው ሰጡኝ።

ይህች መልስ ዛሬም ድረስ ትከነክነኛለች፤ ምክንያቱም ነገሩ በእርግጥም የሆነው እንደዚያው ነው። የብሩስን መገበር ዘውዱ ሸፈነለት፤ የብዙዎች የነበረው ዕዳ ግን በአንድ ሰው ስም ተመዘገበ። ዋላስ እንዲያዝ ምልክት የተሰጠው ዳቦ በመገልበጥ ነው እየተባለ፣ ሜንቲዝ የሚባል ሰው በተገኘበት ማዕድ ዳቦ ገልብጦ ማስቀመጥ እንደ ስድብ እስኪቆጠር ድረስ ቂሙ ለዘር ተላልፏል። በጣም ያናደደኝም ይኸው ነው፤ በአፈ ታሪክ የመጣው ዳቦ ከቀይ እስክሪብቶው ሲተርፍ፣ ስሙ በጽሑፍ የሰፈረበት ደብዳቤ ተሰረዘ።

ከዚያ ወዲህ እንዲቆረጥብኝ የማልፈልገውን መረጃ፣ ትረካው ያለ እሱ እንዳይቆም አድርጌ ከመግቢያው ላይ አስቀምጠዋለሁ። የዋላስ ክፍል በድጋሚ በተላለፈ ቁጥር ግን አድማጭ የሚሰማው ያንኑ የተቆረጠውን ነው።