ምጣዱን በክብ ጠረጴዛ ተካሁት

ዛሬ ቅዳሜን ሙሉ ቤት ስሠራ ዋልኩ፤ በኮምፒውተር። 10 በ14 ሜትር በሆነችው ቦታችን ላይ ምን ሊያርፍ እንደሚችል በዓይኔ ካላየሁ ብዬ።

አውቶካድ በሚባለው የፕላን መሥሪያ ፕሮግራም ጀመርኩ። መሐንዲሶች የሚምሉበት ነው፤ እኔ ግን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያቆምኩት አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፣ እሱም ዘመም ብሎ። ስኬችአፕ ቀለል ይላል፤ ነጻው ግን የሚሠራው በኢንተርኔት ስለሆነ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ተውኩት።

ልቤ ያረፈው ስዊት ሆም ስሪዲ ላይ ነው። ነጻ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ከላይ ግድግዳውን ስታሰምሩ ከታች ቤቱ ቆሞ ይታያችኋል። የግድግዳውን ውፍረት በብሎኬታችን ልክ 20 ሳንቲ ሜትር ማድረግን ብቻ አትርሱ። እኔ ረስቼ ሳሎኑ ሰፋልኝ ብዬ ስደሰት ነበር! ሳስተካክለው ጊዜ ክፍሎቹ ሁሉ ተሸማቀቁ፤ የመኝታ ቤቱ በርም ሲከፈት አልጋው ላይ አረፈ። በሩን ወደ ሌላው ጥግ ለማዞር ግን የፈጀብኝ ግማሽ ደቂቃ ነው። ግንበኛ ቢሆን ስንት ያስከፍለኝ ነበር?

በዕቃ ዝርዝሩ ውስጥ ሶፋው፣ ምድጃው፣ የገላ መታጠቢያው ሞልቷል። የእንጀራ ምጣድ የለም። ክብ ጠረጴዛ አመጣሁና ወርዱን 60 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ማዕድ ቤቱ ጥግ አኖርኩት።

እማዬ መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ «እንፋሎቱ በየት ሊወጣ ነው?» አለችኝ።

መስኮት አላደረግኩም። ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርበውን ፕላን የሚሠራልን አርክቴክት ማክሰኞ ይጠብቀኛል፤ እስከዚያ መስኮቱን ላስገባ።