ወደባቸውን ጎትተው የመጡ

አባቴ ለዓመታት በአሰብ መስመር ተሳቢ ነድቷል። የወደብ ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ የሚላት አንዲት ነገር አለችው። «መርከብ መጣ ማለት ዕቃ ገባ ማለት አይደለም።» መርከቡ ደርሶም ክሬን ይጠበቃል፣ ወረቀት ይጠበቃል፣ ወረፋ ይጠበቃል። እነ አባዬ በዚያ ሙቀት መኪናቸው ጥላ ሥር ሰሌን አንጥፈው ቀን ይቆጥራሉ። ልጅ ሆኜ ተራ የሹፌር ወግ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ግንቦት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሠርተው በባሕር ላይ ጎትተው ያመጡትን ወደብ ፍርስራሽ ላይ ብዬ፣ ከለንደን ተነስቼ አሮማንሽ ወደምትባል የፈረንሳይ መንደር ስሄድ ግን ይህችው ንግግሩ ከጆሮዬ አልጠፋ አለች።

ከፖርትስመዝ የሌሊቱን መርከብ ያዝኩ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጃኬቴን ደርቤ ወደ ላይ ወጣሁ። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፤ ከመርከቡ መብራት ውጭ ድቅድቅ ጨለማ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944፣ በእኛ ግንቦት 29 ቀን 1936 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ ወደ 7,000 የሚጠጉ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የተባባሪዎቻቸው መርከቦችና ጀልባዎች፣ ጀርመን የያዘቻትን ፈረንሳይ ለማስለቀቅ ይህንኑ ባሕር እየተሻገሩ ነበር። በዚያች አንድ ቀን ወደ 156,000 የሚጠጋ ወታደር በባሕርና በአየር ኖርማንዲ የሚባለው የፈረንሳይ ዳርቻ ገባ። ይህን ሁሉ ሰው በማግስቱ ማን ያበላዋል? ጥይቱስ፣ ቤንዚኑስ በየት ይመጣል? የአባዬ ልጅ ነኝና መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው።

ጠዋት ዊስትረሃም ወረድኩ። በአውቶቡስ ካን፣ በባቡር ባዩ፣ ከዚያ እንደገና በአውቶቡስ። አሮማንሽ ትንሽ ናት፦ አንድ አደባባይ፣ ጥቂት ሆቴሎች፣ ከዚያ ባሕር። ስደርስ ባሕሩ ሞልቷል። ራቅ ብለው የተሰለፉ ጥቋቁር ነገሮች ብቻ ይታያሉ፤ ጥርሱ የወላለቀ መንጋጋ ይመስላሉ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ አንዲት አዛውንት፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት የተጻፈበት ነው። በጣታቸው አንዷን መስመር ነኩልኝ፤ ነገ ከሰዓት። እስከዚያ መጠበቅ ነው።

ከመንደሯ ሙዚየም ሁሉ ይበልጥ የዚያን ቀን ዕቅድ ያስረዳኝ ያ ወረቀት ነው። ጀርመኖቹ በጦር አዛዣቸው በሮሜል ትእዛዝ ዳርቻውን በብረትና በእንጨት መሰናክል፣ በፈንጂም ሞልተውት ነበር። ባሕሩ ሲሞላ መሰናክሉ ይሸፈናል፤ ጀልባው ሳያይ ሄዶ ይላተማል። ሲጎድል ሁሉም ይታያል፤ ወታደሩ ግን በዚያ ሁሉ ሜዳ አሸዋ ላይ ለመትረየስ ይጋለጣል። ስለዚህ የተመረጠው ባሕሩ ጎድሎ መሙላት ሲጀምር፣ ያውም ጎህ ከቀደደ ብዙም ሳይቆይ ነው። በዚያ ላይ ለአየር ወለዱ የጨረቃ ብርሃን ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የሚገጥመው በወር ውስጥ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጁን 5፣ 6 እና 7 ነበሩ። ሙላቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚመጣ፣ አሜሪካኖቹ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12:30 ሲወርዱ እንግሊዞቹ እዚህ አጠገብ፣ ጎልድ ባሉት ዳርቻ፣ የወረዱት 1:25 ላይ ነው። ሰዓቱን የቆረጠው ባሕሩ ነው።

መጀመሪያ የታሰበው ጁን 5 ነበር። ማዕበል መጣ። የተባባሪዎቹ ጠቅላይ አዛዥ አሜሪካዊው ጄኔራል አይዘንሃወር አንድ ቀን ገፋው። ጄምስ ስታግ የሚባለው የአየር ጠባይ ባለሙያ በማግስቱ አጭር ፋታ እንደሚኖር ሲነግረው እንሂድ አለ። ያ ካለፈ ባሕሩ እንደገና የሚመቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ወደቡ። ጀርመኖች ጠላታቸው ወደብ እንደሚፈልግ ያውቃሉ፤ ወደቦቹን አጥብቀው ይጠብቃሉ። ከእንግሊዝ የሚቀርበው ካሌ የሚባለው የፈረንሳይ ወደብ ስለሆነም ዓይናቸው እዚያ ነው። ተባባሪዎቹ በአሜሪካዊው ጄኔራል ፓተን የሚመራ የሌለ ጦር ፈጥረው ይህንኑ ግምታቸውን አጠናከሩላቸው። ወደብ በቀጥታ መያዝ ምን እንደሚያስከፍል ደግሞ በኦገስት 1942 ዲየፕ በሚባለው የፈረንሳይ ወደብ ላይ ታይቷል። ከወረዱት ወደ 5,000 የሚጠጉ ካናዳውያን 907ቱ ሞቱ፤ ወደ 2,000 የሚሆኑት ተማረኩ። ወደቡ አልተያዘም። ስለ ዲየፕ ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይከብዳል። «ትምህርት ተወሰደበት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ትምህርቱን የከፈሉት ልጆች ግን ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።

መፍትሔው የዕብድ ሐሳብ ይመስላል። ወደብ ካልተገኘ ሠርተን እንውሰድ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ገና በሜይ 1942፣ ከዲየፕም በፊት፣ ከባሕሩ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል መድረክ ይሠራልኝ ብሎ ጽፎ ነበር። ስለ ችግሩ አትከራከሩኝ፣ ችግሩ ራሱ ይከራከራል ብሎ ነው የጨረሰው። እንግሊዝ አገር በየቦታው ከ100 በላይ ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖች ተሠሩ። ትልቁ 60 ሜትር ርዝመትና 6,000 ቶን ክብደት አለው። በትናንሽ ጎታች መርከቦች ቀስ እያሉ ወስደው እዚህ አሰጠሟቸው። እነሱ ሞገዱን ሲያቆሙ ከውስጥ ባሕሩ ይረጋል። ከዚያ አራት እግር ያላቸው መድረኮች ተተከሉ። መድረኩ በእግሮቹ ላይ ከባሕሩ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ከመድረኩ እስከ መሬት ተንሳፋፊ መንገድ ተዘረጋ። መኪናው ከመርከብ ወርዶ ሳይቆም ወደ ፈረንሳይ ይነዳል።

በማግስቱ ከሰዓት ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ጫማዬን አውልቄ በእርጥብ አሸዋ ሄድኩ። አንዱ ሣጥን ጎኑ ተሰብሮ ተጋድሟል። ከታች በባሕር አረምና በጥቃቅን ዛጎል ተሸፍኗል፤ ዛጎሉ እጅ ይቧጥጣል። የዛገ ፌሮ እንደ ጎድን አጥንት ወጣ ወጣ ብሏል። ከፍ ብሎ ኮንክሪቱ ንጹሕ የሆነበት ቦታ ላይ የሳንቃው ቅርጽ ታትሞ ይታያል፤ የእንጨቱ መስመር፣ የጉጡ ክብ ሳይቀር። መዳፌን አሳረፍኩበት። ያንን ሳንቃ የመታ አናጺ ምን እየሠራ እንደሆነ አልተነገረውም። አብዛኞቹ ሠራተኞች አያውቁም ነበር። የአንድ አገር ሰው ሁሉ ለወራት የማያውቀውን ነገር ሠርቶ፣ ገጣጥመው ሲያዩት ወደብ ሆነ። እዚያ ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሁሉም በዕቅዱ አልሄደም። እንዲህ ያለ ሌላ ወደብ ለአሜሪካኖቹ ኦማሃ ዳርቻ ላይ ተሠርቶ ነበር። ጁን 19 ኃይለኛ ማዕበል ተነሳና ለቀናት ደበደበው። በእኛ ሰኔ 12፣ የሚካኤል ዕለት ነው። የኦማሃው ወደብ ተሰባበረ፤ መልሰውም አልሠሩት። የአሮማንሹ ተጎድቶ ተጠገነ። እመለስበታለሁ ያልኩት ይህን ነው፦ አይዘንሃወር ያን ሌሊት ባይወስን ኖሮ፣ ያ ሁሉ ጦር የሚሻገረው ልክ በዚህ ማዕበል ሰሞን ነበር። ሸርቡር የሚባለው እውነተኛው ወደብ በጁን መጨረሻ ሲያዝም ጀርመኖች አፈራርሰውት ጠበቋቸው።

ማታ ለአባዬ ደወልኩ። ፎቶዎቹን አስቀድሜ ልኬለት ነበር። ስለ ጄኔራሎቹ ብነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። በቀን 7,000 ቶን እንዲያወርድ ታስቦ የተሠራ ነው ስለው ግን ድምፁ ተለወጠ።

«ቆይ፣ ቆይ። እኔ ከነተሳቢዬ 20 ቶን ጫንኩ ብትይ… 350 መኪና። በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ያለ ቋሚ ወደብ?»

«ያለ ቋሚ ወደብ።»

ትንሽ ዝም አለ። «ወረፋውን እንዴት አደረጉት?»

መጀመሪያ የሚወርደው መጨረሻ እንዲጫን፣ የመርከቦቹ አጫጫን ገና እንግሊዝ አገር ሳሉ በወረቀት ተሠርቶ ማለቁን ነገርኩት።

«እ» አለ። «ጭነት የሚያውቅ ሰው ነበራቸዋ።»