ዱዎሊንጎ ቤት ሆናችሁ ለምትፈተኑ፦ ከቮካብ በፊት ቤቱን

ውጪ ለመማር የሚያመለክቱ ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፣ አሁን አሁን አብዛኞቹ የሚመጡት ለዱዎሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። ያው ምክንያቱ ይገባኛል፣ ከሌሎቹ የእንግሊዝኛ ፈተናዎች ከቶፍልና ከአይልትስ በዋጋ ይቀንሳል፣ ቤት ቁጭ ብለህ 1 ሰዓት አካባቢ ትፈተናለህ፣ ውጤቱም ከ160 ታስቦ በ2 ቀን ውስጥ ይመጣል። ታዲያ ሁሉም የሚጠይቀኝ "ቮካብ (ቃላት) ከየት ላጥና?" ብሎ ነው፣ እኔ ደግሞ መልሼ "የትኛው ክፍል ውስጥ ነው የምትፈተነው?" እላለሁ። እንግሊዝኛው አሪፍ የሆነ ልጅ ውጤቱ ሳይፀድቅለት የሚቀረው በቮካብ አይደለማ፣ የፈተናውን ህግ ስለሚጥስ ነው!

ህጉ ሲነበብ ቀላል ነው፦ ክፍሉ ውስጥ ብቻህን፣ ኢርፎን የለም፣ ጆሮ መታየት አለበት፣ አይን ከስክሪን አይነሳም። ይሄ የመጨረሻው ነው ጉድ የሚያደርገን። እኛ ስናስብ ጣራ ጣራውን እናያለን እኮ፣ ቃል የጠፋበት ልጅ ኮርኒሱ ላይ ነው የሚፈልገው፣ ፈተናው በካሜራ ስለሚቀዳ ቪዲዮውን በኋላ የሚያየው ሰው ግን እያሰበ ይሁን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነገር እያነበበ በምን ያውቃል? ስለዚህ እኔ ስናጠና የላፕቶፑ ካሜራ ፊት አስቀምጬ እየቀዳሁ አስወራቸዋለሁ፣ ከዛ ራሳቸው እንዲያዩት። አብዛኞቹ "እንዴ እኔ እንደዚህ ነኝ?" ይላሉ፣ ከዛ በኋላ ብዙ መንገር አያስፈልግም።

ብቻህን መሆን የሚለው ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰው በሚኖርበት ቤት ቀልድ ነው የሚመስለው። በር ላይ ወረቀት መለጠፍ አይበቃም፣ እናት "ምሳው እኮ ቀዘቀዘ" ብላ ከገባች ገባች ነው። ቀድማችሁ አስረዷቸው፣ ፈተና መሆኑን፣ የሰው ድምፅ እንኳን ከተሰማ ችግር እንደሆነ፣ ትንንሾቹን ለዛች ሰዓት ጎረቤት የሚወስድ ሰው ይኑር። ሰፈራችሁ ድምፅ ማጉያ የሚበዛበትን ሰዓት እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እሱን ሽሹ።

መብራትን በተመለከተ ላፕቶፑን ፉል ቻርጅ አድርጎ መተማመን የለም፣ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፣ ኮኔክሽን ሲቋረጥ ደግሞ ፈተናው መሀል ላይ ሊቆም ይችላል። ዳታ የተሞላበት ስልክ በሆትስፖት ዝግጁ ይሁን። አሁን የራሳችሁ ስልክ እንደ ሁለተኛ ካሜራ ስለሚፈለግ ሆትስፖቱን ከሌላ ሰው ስልክ አድርጉት፣ ስልኩ ከክፍሉ ውጪ ይቀመጥ።

ብዙ ሰው የማያስበው ታይፒንግ ነው። ልጆቻችን በአውራ ጣት ስልክ ላይ ሲፅፉ እሳት ናቸው፣ ኪቦርድ ላይ ግን አንድ ፊደል ፍለጋ ሲዞሩ ይውላሉ፣ ፎቶ አይተህ የምትፅፍበት ጥያቄ ደግሞ 1 ደቂቃ ብቻ ነው ያለው! ሁለት አረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ያልቃል። አውቶኮሬክትም የለም። ላፕቶፑ የተዋሳችሁት ከሆነ (አብዛኞቹ ይዋሳሉ) ለፈተናው ቀን ብቻ አትዋሱት፣ ቢያንስ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ያዙትና ነፃውን የልምምድ ፈተና በዛው ላፕቶፕ፣ በዛው ክፍል፣ በዛው ሰዓት ሞክሩት።

ስም! ትራንስክሪፕት ላይ አንድ አይነት ስፔሊንግ፣ ፓስፖርት ላይ ሌላ የሆነባችሁ ብዙ ናችሁ። አካውንቱን ስትከፍቱ ፓስፖርቱን እያያችሁ ፊደል በፊደል ፃፉ። ክፍያው በዶላር ካርድ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ውጪ ያለ ዘመድ ነው የሚከፍለው፣ ይክፈል፣ ግን አካውንቱን እሱ በራሱ ስም እንዳይከፍተው፣ እናንተ ከከፈታችሁት በኋላ ካርዱን ብቻ ያስገባ። ቴሌግራም ላይ "እኛ እንፈተንልሃለን" የሚሉትን ግን ብሎክ አድርጓቸው፣ በቃ። ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱበት ትምህርት ቤት ዱዎሊንጎ ይቀበል እንደሆነና ስንት እንደሚፈልግ ዌብሳይቱ ላይ እዩ፣ ለማስተርስ የማይቀበሉ አሉ።